የጣሊያን ብረት ቆብ ላይ ቀይ መስቀል፦ የጦር ቄስ ነው ወይስ ተሸወድኩ?

ሰዓት ሠሪው (ጎንደር፣ ፒያሳ)፦

ሰላም ወገኖች። ፒያሳ ሰዓት እጠግናለሁ። 31 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ውጪ አንድ ሱስ አለብኝ፤ የድሮ የጦር ብረት ቆብ እሰበስባለሁ። ባለቤቴ «ድስት ግዛ ስልህ ድስት የሚመስል ነገር ታመጣለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እስካሁን አራት አሉኝ። ሁለቱ የጣሊያን ሞዴል 33 ናቸው። አንዱ ያ ዝርግ ሰሃን የመሰለው የእንግሊዝ ነው። አንዱ የአሜሪካ ኤም 1 ነው።

አምስተኛውን ግን ስፈልገው ነው የኖርኩት። የጦር ቄስ የደፋው ቆብ። ልጅ ሆኜ ድቁና ተቀብዬ ነበር፤ ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ካህናት ጦር ሜዳ የወረዱት ታቦት ተሸክመው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ነው። አድዋ ላይ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ወጥቷል። ብረት ቆብ የደፋ ቄስ ግን በዓይነ ሕሊናዬ አልመጣ ይለኛል። የፈረንጆቹ ደፍተዋል። ጠመንጃ ሳይዝ፣ ቆቡን ብቻ ደፍቶ፣ ጥይት በሚያፏጭበት መሐል ጎንበስ ብሎ የቆሰለውን የሚያናዝዝ ሰው። የእሱን ቆብ አንድ ቀን በእጄ ልይዝ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ የማውቀው ቆራሌው መጣ። «ጋሼ፣ ያንተ ዓይነት ዕቃ አግኝቻለሁ» አለኝ። ከጆንያው አንድ ሞዴል 33 አወጣ። ውስጡ ያለው ቆዳ የለም። ሦስቱ ባለቀዳዳ ምስማሮች ግን አሉ። ጠርዙ አንድ ቦታ ተጣሟል። ከፊት በኩል ቀይ መስቀል ተቀብቶበታል! ልቤ ዘለለ። ፊቴን አጨፍግጌ ተከራከርኩና በ800 ብር ወሰድኩት። ያገኘው እንፍራንዝ አካባቢ ካሉ አንዲት እናት ቤት ነው አለኝ። እንፍራንዝ ማለት ደግሞ ለቁልቋል በር ቅርብ ነው። ጣሊያን እስከ መጨረሻው የተዋጋበት በር። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ተያዘ፤ በስድስተኛው ቀን ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ።

ፎቶ ለአንድ በኢንተርኔት ለሚነግድ ሰው ልኬ ነበር። ሳያመነታ «የቄስ ነው፣ በዶላር ልግዛህ» አለኝ። እንዲህ ሲቸኩል ጊዜ ጠረጠርኩ።

ጥያቄዬ፣ የቄስ ነው የሐኪም? ዝገቱንስ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው? አንድ ያልገባኝ ነገር ደግሞ አለ። ቆቡን ስደፋው የመስቀሉ ረጅሙ እግር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጴጥሮስ ቁልቁል ነው የተሰቀለው ይባላልና ካቶሊኮቹ ለእሱ ብለው ይሆን? ፎቶዎቹን ከታች አያይዣለሁ።

ዲሲ ያለው ጎንደሬ፦

ጋሼ፣ መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀምጡ! እባክዎ! አንዴ ከፈገፈጉት ታሪኩን አብረው ይፈገፍጉታል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያንሱ፣ ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ በስሱ። ቀለሙን ዘይት አያስነኩት።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እኔ እዚህ የአሜሪካኖቹን ነው የምሰበስበው። በ1941 እንደ አውሮፓውያን የወጣው ኤም 1 ላይ ክርስቲያን ቄሶች ከፊት ለፊት መስቀል ይቀቡ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ። የአይሁድ ረቢ ከሆነ ሁለቱ የሙሴ ጽላቶች ናቸው። የሕክምና ሰው ደግሞ በነጭ መደብ ላይ አራት እግሩ እኩል የሆነ ቀይ መስቀል ነው። የእርስዎ አንድ እግሩ ረዝሟል፣ ነጭ መደብም የለውም። ስለዚህ ሐኪሙን እንተወው።

የጣሊያን ቄሶች እንደ ወታደሩ ያንኑ ግራጫ አረንጓዴ ልብስ ነው የሚለብሱት፤ በግራ ደረታቸው ላይ ቀይ መስቀል ይኖራል። በ1928 ዓ.ም. ጥር ተምቤን ላይ የሞተው የዶሚኒካኑ መነኩሴ ሬጂናልዶ ጁሊያኒ አንዱ ነው። የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥተውታል። ሞዴል 33 ላይ ከፊት የሚታተመው የክፍሉ ምልክት ግን በጥቁር ቀለም ነው። እዚያ ላይ ቀይ ሳይ እኔ እጠረጥራለሁ። ደግሞ እዚያ አገር የቡሽ ባርኔጣም በብዛት ያደርጉ ስለነበር፣ የቄስ ያሉት ሁሉ የብረት አይደለም።

በዚህ ገበያ የቄስ ቆብን ያህል የሚጭበረበርበት ዕቃ ጥቂት ነው። ለምን ቢሉ፣ ቆቡ እውነተኛ ነው፣ ዝገቱ እውነተኛ ነው፣ ውሸቱ መስቀሉ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ በማይፈጅ ቀለም ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። እኔ ራሴ አንዴ ተበልቻለሁ፤ መስቀሉ ያማረ፣ ከሥሩ ያለው ጭረት ግን በቀለም ተሞልቶ! ጭረቱ ከቀለሙ በፊት ነበረ ማለት ነው። አሁን ለሰው ከማሳየት ብዬ ቁምሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እርስዎ ሰዓት ሠሪ አይደሉ? ያንን ዓይንዎ ላይ የሚሰኩትን ማጉያ ያድርጉና የመስቀሉን ጠርዝ ይዩ። ቀለሙ ከዝገቱ ሥር ከሆነ ጥሩ። ዝገቱ የበላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ከዝገቱ በኋላ ነው የተቀባው። ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሰማያዊ መብራት ካገኙም ጨለማ ክፍል ውስጥ ያብሩበት። አንዳንድ አዳዲስ ቀለም ያበራል። ባያበራ ግን ድሮ ነው ማለት አይደለም።

አራዳው፦

800 ብር? ቆራሌው ለእናትየዋ የሰጠው የፕላስቲክ ባልዲ ነው ብዬ እወራረዳለሁ 😂

የቃኘው የልጅ ልጅ፦

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። አያቴ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ከሄዱት የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ነበሩ። የደፉት ያንኑ ኤም 1 ነው፤ ትጥቁ የአሜሪካ ነበርና። እኛ ቤት ቆቡ የለም፣ ፎቶ ብቻ። የኤም 1ዎን የጀርባ ታሪክ ቢነግሩን ደስ ይለኛል፤ ከኮሪያ ይሆን?

ደግሞ ያ በዶላር የሚገዛዎትን ሰውዬ ይጠንቀቁ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ 209/1992 ክልክል ነው። ይህ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ገዢው አይደለም።

የቁስቋም ልጅ፦

ፎቶውን አሰፋሁና ሁለት ጊዜ አየሁት። ጋሼ፣ የጴጥሮስን ነገር ይተዉት። ቆቡን ገልብጠው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። አሁን መስቀሉን ይዩ። ቀጥ ብሎ አይቆምም? የቀባው ሰው ሲቀባ ቆቡ ተዘቅዝቆ ነበር። ራሱ ላይ ሊያደርገው አልነበረም፤ ዕቃ ሊያደርገው ነው። እኛ ሰፈር ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቆብ የዶሮ ውሃ ማጠጫ ነበር። የአንዱን ቤት ደግሞ የገብስ መስፈሪያ አድርገውት አውቃለሁ። ውስጡን ይዩልን፣ የሆነ ነገር ጥሎ ያልፋል።

ሰዓት ሠሪው፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሳነበው ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ገለበጥኩት፤ መስቀሉ ቀጥ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳገላብጠው ይህ እንዴት አልታየኝም?

በማጉያውም አየሁት። የዲሲው ልጄ ያለው ልክ ነው፣ ቀዩ ቀለም ዝገቱ በበላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ጣሊያን ከሄደ፣ ቆቡም ከዛገ በኋላ ነው የተቀባው። ውስጡ ደግሞ ጥቁር ነው። እኔ የዘመን ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። በጥፍሬ ሳኩት ጥላሸት ነው።

ከዚያ ቆራሌውን አፈላለግሁና እናትየዋ ጋ አስደወልኩት። ስልኩን የያዘችው የልጅ ልጃቸው ነች፣ «እማማ፣ ስለዚያ ብረት ነው» እያለች ትጮህላቸዋለች። አባታቸው ገበዝ ነበሩ። ቆቡን ከቁልቋል በር ያመጣው አጎታቸው ነው፤ እረኛ ሳለ አገኘሁት ብሎ። አባታቸው ከሥሩ አመድ እየነሰነሱ ለጽናው የሚሆን ፍም ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱበት ነበር። መስቀሉንስ ለምን ቀቡት አልኳቸው።

«ዶሮ እንዳናጠጣበት ነዋ!» አሉኝ። «እናቴ ሁለት ጊዜ ዶሮ ስታጠጣበት ተቆጣ። ከዚያ ቀባው። ከዚያ ማን ይነካዋል!»

አራዳው፣ ውርርዱን አልበላህም። ባልዲ አይደለም፣ ሁለት የፕላስቲክ ጆግ ነው።

ዕቃውን የሸጠው የልጃቸው ልጅ ነው፣ እሳቸው አላወቁም። እኔ ጋ እንዳለ ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉና «ለጥምቀት ጎንደር እመጣለሁ፣ ያኔ እወስደዋለሁ» አሉኝ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ስለ 800 ብሩ እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ባለቤቴ ግን እያነሳች ነው።

የቃኘው የልጅ ልጅ፣ ኤም 1ዬን ከአዘዞ ገበያ ነው የገዛሁት፣ የደፋው ማን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። የአያትህን ፎቶ ላክልኝና ፍሬም ውስጥ አድርጌ ከጎኑ ልስቀለው።

ለዲሲው ልጄ አንድ ጥያቄ፦ እስከ ጥምቀት ድረስ ዘይት ልቀባው ወይስ ጥላሸቱን እንዳለ ልተወው? እማማ ሲያዩት ታጥቦ እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው።