«ተወራሽነት» ስንል ምን ማለታችን ነው? (የጥራጥሬ ዝርያ ማሻሻል ቃላት)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የግብርና ተማሪዎችን ጽሑፍ በቋንቋ በኩል አርማለሁ። ስለ አኩሪ አተር የሚጽፉት «የፍሬ ክብደት ከፍተኛ ተወራሽነት አለው፤ የምርት መጠን ግን ዝቅተኛ» ይላሉ። ይህ «ዘር ከልጓም ይስባል» ከምንለው ጋር አንድ ነው? ተክሎቹ በዘር እርስ በርስ መለያየታቸውን «ተለዋዋጭነት» የሚሉትስ ትክክል ነው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፣ እህቴ። ተረቱ ከወላጅ የወረሱት ጠባይ በልጓም እንደማይመለስ ይነግረናል። ተወራሽነት ግን ስለ አንዲት ተክል ምንም አይልም። የሚናገረው በማሳው ላይ ባሉት ብዙ ተክሎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ምን ያህሉ ከዘረመል (ከወላጅ ከሚወረሰው የጠባይ መመሪያ) ልዩነት እንደመጣ ነው። ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገለጻል።

ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያስረዳልኝ ዴንማርካዊው ዊልሄልም ዮሃንሰን በ1903 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቦሎቄ ሙከራ ነው። («ጂን»፣ «ጂኖታይፕ» ማለትም ተክሉ የያዘው ዘረመል፣ እና «ፌኖታይፕ» ማለትም የሚታየው ጠባይ፣ የሚሉትን ቃላት በ1909 ያወጣውም እሱ ነው።) ቦሎቄ በራሱ ብናኝ ስለሚዳቀል፣ ከአንድ ተክል የወረደው ዘር በዘረመል አንድ ዓይነት ይሆናል። ከእንዲህ ያለ ዘር ውስጥ ትልልቁንና ትንንሹን ፍሬ ለያይቶ ቢዘራ የልጆቹ አማካይ ክብደት ያው ሆነ። የፍሬዎቹ መበላለጥ ከአካባቢያቸው የመጣ ነበርና ወደ ልጅ አልተላለፈም። ዘረመሉ ሙሉ በሙሉ ተወርሷል፤ ተወራሽነቱ ግን ዜሮ ነው! የሚወረስ ነገር ጠፍቶ አይደለም፤ በዘረመል የሚለያይ ስለሌለ ነው።

ሌላ መልስ፦ «ተለዋዋጭነት» እኔን አይጥመኝም። የጅማ ሰማይ ተለዋዋጭ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ። አንዱ ነገር ራሱ ይቀያየራል። እዚህ የተፈለገው ግን የብዙዎች እርስ በርስ አለመመሳሰል ነው። «ዘረመላዊ ልዩነት» ቢባል ይበቃል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው እነዚያው ዝርያዎች ሌላ ማሳ ላይ ሌላ የተወራሽነት ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ?

መልስ፦ አዎ። የጅማ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ አሲዱ በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ከበዛና ካነሰ፣ ከአካባቢ የሚመጣው ልዩነት ያድጋል፣ ተወራሽነቱም ይወርዳል። ምርት በብዙ ነገር ስለሚነካ ነው ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከፍሬ ክብደት የሚያንሰው። «ሰፊ» እና «ጠባብ» ተወራሽነት የሚባሉትንም ለዪላቸው፤ ሰፊው የዘረመልን ተጽዕኖ በሙሉ ሲቆጥር፣ ጠባቡ የሚደመረውን፣ ማለትም የየጂኑ ድርሻ ተደምሮ የሚሰጠውን ተጽዕኖ፣ ብቻ ይወስዳል። የትኛውን እንዳሰሉ፣ በየትኛው ማሳና ዓመት እንደለኩ ካልጻፉ አስጨምሪያቸው።