የእብነ በረድ ዱቄት ለዋልካ አፈር ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሐረር ዳርቻ ረባዳ ቦታ ላይ ግቢ አለኝ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ሲዘንብ አብጦ አጥሬን ይገፋል። ድሬዳዋ አንድ የእብነ በረድ መቁረጫ ቤት ዱቄቱን በነጻ ውሰድ ብሎኛል። ለመኪና መግቢያዬ ከአፈሩ ጋር ባደባልቀው ኖራን ይተካልኛል?

መልስ 1፦ አይተካም፣ ወንድሜ። ዱቄቱ ያልተቃጠለ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ማለትም ኖራ ሳይሆን ገና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዓይነት፤ የአፈሩን ተጣባቂነት ይቀንሳል እንጂ እንደ ኖራ ከሸክላው ማዕድን ጋር ተዋህዶ አይጠነክርም። የተፈጨ የጡብ ስብርባሪ ብታገኝ ይሻልሃል፤ ሲሊካና አሉሚና የሚባሉ ማዕድናት ስላሉት ከኖራ ጋር ይያያዛል። ከፈረሰ ቤት ስታመጣው ግን ጂፕሰም (ጀሶ) እንዳይቀላቀልበት። በጀሶው ውስጥ ያለው ሰልፌት ከኖራ ጋር ሲገናኝ ራሱ እብጠት ያመጣል፤ ይህን ንቀው መንገድ ያበላሹ ሞልተዋል።

መጀመሪያ አፈሩን ፈትን። በ0.425 ሚሊሜትር ወንፊት ያለፈ 10 ሚሊሊትር ደረቅ አፈር፣ 100 ሚሊሊትር ውሃ በያዘ ምልክት ባለው ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለህ ጨምርና 24 ሰዓት አስቀምጠው። አፈሩ 20 ሚሊሊትር ላይ ከደረሰ እጥፍ አብጧል ማለት ነውና ክፉ ነው። ከዚያ በኋላ የኖራውን መጠን ላቦራቶሪ ይወስንልህ፤ በአካፋ ግምት አይሆንም።

መልስ 2፦ የጣሪያው ውሃ የት ይወርዳል? አጥሩ ሥር ከሆነ ኖራውም ብዙ አይረዳህም። መጀመሪያ ቦዩን ሥራ።

ጠያቂ፦ እውነት ነው፣ አጥሩ ሥር ነው የሚወርደው። ቦዩን አስቀድማለሁ። ዱቄቱን ግን ልተወው?

መልስ 1፦ ውሰደው፤ ከኖራው ጋር በማገዣነት ይገባል። ሲጫን አፍህን ሸፍን።