የአፖሎ ኮዤኒዮቭስኪ ምሽት፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጨርሰው

ሰብሳቢ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ፕሮፖዛሉን አርብ ለቤተ መጻሕፍቱ እናስገባለን። በፖላንዳዊው ገጣሚ በአፖሎ ኮዤኒዮቭስኪ ሕይወት ላይ አንድ ምሽት እንደምናዘጋጅ ተስማምተናል። የቀረው ርዕሱ ነው፣ ልጁ ታዋቂው ደራሲ ጆሴፍ ኮንራድ ስለሆነ "የጆሴፍ ኮንራድ አባት" የሚለው ይግባ ወይስ ይቅር?

የዝግጅት ክፍል፦ ይቅር! ሰውየውን ሁሌ በልጁ በኩል ነው እኮ የሚያነሱት። ራሱን የቻለ ገጣሚና የቲያትር ፀሐፊ ነው፣ ሼክስፒርንና ፈረንሳዊውን ደራሲ ቪክቶር ሁጎን ወደ ፖሊሽ የመለሰ ሰው ነው፣ በ1861 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ዋርሶ መጥቶ በሩሲያ ዛር ላይ በምስጢር የሚሰራ ኮሚቴ ካቋቋሙት አንዱ ነው፣ በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተይዞ በዋርሶ ምሽግ ውስጥ አስረኛው ፓቪሊዮን በሚሉት እስር ቤት ከግማሽ ዓመት በላይ ቆይቷል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ልጁ ገና የአራት ዓመት ህፃን ነው።

ፀሐፊ፦ እሱ ላይ እኔም አለሁ። ግን "በጃንዋሪው አመፅ (ፖላንዳውያን በሩሲያ ላይ ባነሱት) ተዋግቶ ተጋዘ" ብለን እንዳንፅፍ። አመፁ የፈነዳው በጃንዋሪ 1863 ነው፣ እሱ ደግሞ ከ1862 ጀምሮ ግዞት ላይ ነው። መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ነው እንበል፣ ክብሩ አይቀንስም። ደግሞ እባካችሁ ሚስቱ ኤቬሊና "ባሏን ተከትላ ሄደች" ተብላ እንዳትታለፍ፣ እሷም ተፈርዶባት ነው የተጋዘችው፣ በሳንባ ነቀርሳ ማቅቃ በ1865 ግዞት ላይ እያለች ቼርኒሂቭ (የዛሬዋ ዩክሬን) ከተማ የሞተችው እሷ ናት። ለሷ ብቻ አስር ደቂቃ ይያዝላት።

አንድ አባል፦ አፖሎ ከተጋዘባት ከሰሜን ሩሲያዋ ቮሎግዳ የፃፈው ደብዳቤ ይነበብ በናታችሁ! እዚህ ያለው ወቅት ሁለት ነው ይላል፣ ነጭ ብርድና አረንጓዴ ብርድ፣ ነጩ ዘጠኝ ወር ተኩል አረንጓዴው ሁለት ወር ተኩል። ሳነበው አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፕሮጀክተሩን ቤተ መጻሕፍቱ ይሰጠናል፣ ሻይና ዳቦ ከመዋጮው ይሸፈናል። ርዕሱን በተመለከተ ግን እኔ ትንሽ እለያለሁ፣ ወጣቶቹ ኮንራድን ያውቁታል፣ ስሙን ካላዩ አይመጡም።

የዝግጅት ክፍል፦ ገባኝ ወንድሜ፣ ስለዚህ ልጁ ርዕሱ ላይ ሳይሆን መሀል ላይ ይግባ። ኮንራድ ራሱ ትዝታው ላይ እንደፃፈው አባትየው ግዞት ላይ ሆኖ የሁጎን የባህር ልብ ወለድ ተርጉሞ ነበር፣ የማተሚያ ቤቱን እርማት ወረቀት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብለት ያደረገው ህፃኑን ነው፣ ኮንራድ ባህርን መጀመሪያ በፅሁፍ ያወቃት በዚህች ንባብ ነው። ኋላ መርከበኛ የሆነው፣ በእንግሊዝኛ የፃፈው ይሄው ልጅ ነው። እናቱ የሞተችበት፣ አባቱ በሽተኛ የሆነበት ቤት ውስጥ ትርጉም ነበር የሚሰራው፣ እኔ የምሽቱ ልብ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

ፀሐፊ፦ ይሄማ ድንቅ ነው። መዝጊያው የፖላንዷ ክራኮቭ ከተማ ትሁን፣ አፖሎ በ1868 ተፈቶ በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ላይ እዛው ሞተ፣ ቀብሩ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ወጣ፣ የአስራ አንድ ዓመቱ ልጅ ከሰልፉ ፊት ፊት ይሄድ ነበር።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን። ርዕሱ "አፖሎ ኮዤኒዮቭስኪ፦ ገጣሚ፣ ተርጓሚ፣ ግዞተኛ"፣ ከስሩ በትንሽ ፊደል ኮንራድ ይጠቀስ። ለልጁ ክርስትና የፃፈውን ግጥም ወደ አማርኛ የሚመልስልን ማን ነው? እስከ ረቡዕ ማታ እጃችሁን አውጡ።