ለኤሌክትሪክ ትራክተራችን ክብደትና ባትሪ፦ የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናርቅቀው። ቅሬታው ሁለት ነው። ትራክተሯ እርጥብ ዳገት ላይ የኋላ ጎማዋ ባለበት ይሽከረከራል። ከሰዓት ሲሆን ደግሞ ጉልበት ያንሳታል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ከኋላ የብረት ክብደት ይጨመር፤ ሁለተኛ ዙር ባትሪ ይገዛ።» እንደፈለጋችሁ አርሙት።

መካኒክ፦ ሁለቱን ነጣጥለን ባናያቸው ጥሩ ነው። ባትሪው ራሱ ክብደት ነው እኮ። የእኛዋ 36 ቮልት ናት፤ ስድስት ባለ6 ቮልት ባትሪ በሲሪየስ፣ ማለትም በተከታታይ የታሰሩ። ይህ የጎልፍ መኪና ዓይነት ባትሪ አንዱ 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌላ ስድስት ጨመርን ማለት ወደ 170 ኪሎ ጫንን ማለት ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1969 ማምረት የጀመራቸው ኢሌክ-ትራክ ትራክተሮችም፣ ትልልቆቹ በስድስት ባለ6 ቮልት ባትሪ ነበር የሚሄዱት። የእርሳሱ ክብደት ጎማው መሬት እንዲቆነጥጥ ይረዳቸው ነበር።

ወጣት አባል፦ እንግዲያው ጋሼ፣ ባትሪውን በሙሉ ከኋላ እንጫነው በቃ! ብረቱም ይቀርልናል።

መካኒክ፦ ቀስ በል የኔ ልጅ። ከኋላ አክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን ከሚይዘው ዘንግ፣ አልፎ የተሰቀለ ክብደት ፊቱን ያነሳል። በሁለቱ አክስሎች መካከል 120 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል። 100 ኪሎ ከኋላው አክስል 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብትሰቅል የኋላ ጎማዎች ላይ 133 ኪሎ ይጨመራል። ትርፉ 33 ኪሎ የመጣው ከፊት ጎማዎች ነው። ዳገት ላይ መሪው ሲቀልህ ይገባሃል፤ አንተ ታዞራለህ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የፊት ባልዲውን አፈር ሞልተን ስንሠራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ የኋላው ክብደት የግድ ነው።

የማሽን ኃላፊዋ፦ ለዳገቱ ከሆነ እኔ ክብደቱ ጎማው ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። ቸርኬው ላይ በቦሎን የሚታሰር ብረት አክስሉንና ሻሲውን አይጫንም፤ ጎማው ራሱ ይሸከመዋል። ካላማዳሪው (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) ውስጥ ውሃ መሙላትም ያስኬዳል፦ ቫልቩን ወደ ላይ አዙሮ እስከ እሱ ከፍታ መሙላት፣ የቀረውን አየር። ግን ውርጭ ካለ ውሃው ይረጋል። እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ ከተጨመረበት ደግሞ አንድ ቀን ያፈሰሰ እንደሆነ ቸርኬውን ይበላዋል። ብረቱን ግን ሣር በምናጭድበት ወቅት ፈትተን እናስቀምጠዋለን። ከባድ ትራክተር እርጥብ ሣር ላይ ቦይ እያወጣ ነው የሚሄደው፤ ይሄን ማንም አላነሳም።

ሒሳብ ያዥ፦ በባትሪው ላይ ጥያቄ አለኝ። ክብደቱም ኃይል ይበላል። ታዲያ ምን ያህል እናተርፋለን?

ኤሌክትሪሺያኗ፦ 36 ቮልት በ225 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 8.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው ዙር በፓራለል፣ ማለትም ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ታስሮ፣ ሲገባ እያንዳንዱ ባትሪ የሚያወጣው አምፒር በግማሽ ይቀንሳል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በዝግታ ሲያወጣ አጠቃላይ የሚሰጠው ይበዛል። ክብደቱ የሚበላውን ይክሳል ብዬ ነው የማስበው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዲሱን ካረጀው ጋር በፓራለል ማሰር አይሆንም፤ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል። ደግሞስ የከሰዓቱ ድካም ከአንድ ባትሪ ቢሆንስ? በሲሪየስ አንዱ ከደከመ ሌሎቹ አምስቱ ምንም ቢሆኑ ዋጋ የለውም። ቆማ ሳለች ብትለኩት ስድስቱም ደህና ሊመስሉ ይችላሉ። ዳገት እየወጣች፣ ቮልት ሜትሩን በየባትሪው ጫፍ አድርጎ ማየት ነው። አምስቱ 5.9 ላይ ሲቆዩ አንዱ ወደ 5 ከወረደ ሌባው ተገኘ።

ወጣት አባል፦ ሊቲየም ብንገዛስ? ይገላግለን የለ?

ኤሌክትሪሺያኗ፦ ይቻላል ወንድሜ፤ ግን በጣም ስለሚቀል ብረቱን እጥፍ ልትጭን ነው። ቻርጀሩም መቀየር አለበት። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ዓይነት ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ለውጬዋለሁ፦ «አስቀድሞ ስድስቱ ባትሪዎች በሥራ ላይ እያሉ ይለኩ። የደከመ ካለ እሱን ስለመተካት ይወሰን። ለዳገቱ የሚፈታ የቸርኬ ብረት ይሠራ። ሁለተኛ ዙር ባትሪ የሚገዛው ከዚህ በኋላም ካልበቃ ብቻ ነው፤ ያኔም ሁለቱም ዙር ባንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ።»

መካኒክ፦ «አዲሱ ዙር በተቻለ መጠን በሁለቱ አክስሎች መካከል ይቀመጥ» የሚለውም ይግባ። ፍሬኑም ይታይ፤ 170 ኪሎ ቁልቁለት ላይ ቀልድ አይደለም።

ኤሌክትሪሺያኗ፦ ለየዙሩ ፖዘቲቩ አጠገብ የዲሲ (ለባትሪ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሆን) ፊውዝ፣ የሁለቱም ገመድ ርዝመት እኩል። ቻርጅ የሚደረግበት ክፍል አየር ይግባው፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ይቀጣጠላል። የሚያስረው ሰው ደግሞ ቀለበቱን ያውልቅ፣ የመፍቻውን እጀታ በፕላስተር ይጠቅልል።

ሒሳብ ያዥ፦ ፊውዝና ገመዱ በግዢው ዝርዝር ውስጥ ይጻፍ እንጂ። «በኋላ ይታያል» ከተባለ ገንዘቡ አይገኝም።

ሰብሳቢ፦ ሁሉም ገብቷል። ልኬቱን የማሽን ኃላፊዋና ኤሌክትሪሺያኗ አብረው ይውሰዱት፤ ቁጥሩ እዚሁ ይለጠፍ። የብረቱን ስፋት ጋሼ ቸርኬውን ለክተው ያሳውቁን።