ለትምህርት ቤቶች የሚላከው የጋራ ደብዳቤ፦ ረቂቅ 2 (ናይሮቢ)

ጸሐፊዋ
የማኅበራችን ልጅ በክፍያ ምክንያት ከትምህርት ቤት ተባርሮ ጠፍቶ ከተገኘ ወዲህ እንጻፍ ያልነውን የደብዳቤ ረቂቅ አሳጥሬ ለጥፌዋለሁ። እስከ ዓርብ ዝም ያለ ተስማምቷል ማለት ነው። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።
አንድ፦ ልጅ ጠዋት ካልመጣ እስከ 3 ሰዓት ለወላጅ ይደወል።
ሁለት፦ ክፍያ አልተከፈለም ተብሎ ልጅ ከግቢ አይባረር። ዕዳው የወላጅ ነው።
ሦስት፦ ልጅ የሚወስድ ሰው በር ላይ ፈርሞ ይውሰድ።
ሌላ ነገር አትጨምሩብኝ። ባለፈው 11 ነጥብ ሆኖ ማንም አላነበበውም።

የግሬድ 4 አባት
ሦስተኛው ላይ የእንዳራሻ አዳሪ ትምህርት ቤት ቃጠሎ ይጠቀስ። ሴፕቴምበር 5፣ 2024 ማታ ኒየሪ ውስጥ የወንዶቹ መኝታ ክፍል ተቃጥሎ 21 ልጆች ሞቱ። በነጋታው ምክትል ፕሬዚዳንቱ 70 ልጆች የት እንዳሉ አልታወቀም አሉ። ኋላ ሲጣራ ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ። ወላጅ በሌሊት መጥቶ የወሰደው አለ፣ ጎረቤት ቤት የተጠጋ አለ። የመዘገበ ግን የለም። ልጁን ያጣው ወላጅ በሩ ላይ ቆሞ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ከኢስትሊ
ያ እሳት ነው። የእኛ ጉዳይ ክፍያ ነው። አናምታታው።

የግሬድ 4 አባት
መዝገብ ከሌለ የጠፋውና የወጣው አይለይም። የእኛም ልጅ እኮ የጠፋ ቀን "ክፍል ውስጥ ነው" ተብሎ ነበር በስልክ የተመለሰልን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ! ልጁ ከወጣ አምስት ሰዓት አልፎታል።

ነባር አባል
ረቂቁ ላይ ትልቅ ስህተት አለ። "እስከ 3 ሰዓት" ይላል። በማን ሰዓት ነው?

ጸሐፊዋ
በእኛ ነዋ ጋሼ። ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ነባር አባል
ደብዳቤው የሚሄደው ለእኛ ነው እንዴ? የእንግሊዝኛውን ቅጂ አየሁት። እዚያም "3:00" ነው የሚለው። ዳይሬክተሩ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ብሎ ነው የሚያነበው። ልጆች ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ሊደውልልን ነው?

ተርጓሚው
እሺ፣ 9:00 አደርገዋለሁ። አለቀ።

ከኢስትሊ
ለምን 9 ይሆናል? ኬንያውያን እኮ በሰዓት እንደኛው ናቸው። በስዋሂሊ ሳአ ታቱ ሲሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው። ደብዳቤውን በስዋሂሊ እንጻፈውና ይገላገል።

ነባር አባል
ቢሮ በስዋሂሊ የሚጻፍለት ማን ነው? የተማረ ሰው ይስቅብናል።

ከኢስትሊ
የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7ን ያንብቡ። ስዋሂሊም እንግሊዝኛም የሥራ ቋንቋ ነው። እርስዎ እዚህ አገር 20 ዓመት ኖረው አንድ ዓረፍተ ነገር ስላልቻሉ ሌላው አይናቅ።

ነባር አባል
እኔ ይህን ማኅበር ስመሠርት አንተ ኬንያን በካርታ አታውቃትም ነበር።

የግሬድ 4 አባት
በናታችሁ። "ክፍል እንደተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ" እንበልና እንለፍ።

ነባር አባል
አናልፍም። ልጁ ሲጠፋ የለጠፍነው ፖስተርም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ጸሐፊዋ
ፖስተሩ ምን ሆነ?

ነባር አባል
ልጁ ከግቢ የወጣው በእኛ 4 ሰዓት ነው። ፖስተሩ ላይ "4:00" ተብሎ ወጣ። ባለ ሱቁ ካሜራውን ሲያሳየን የከሰዓቱን ነው ያሳየን። ስድስት ሰዓት ሙሉ የተሳሳተ ቦታ ስናይ አመሸን። የጠዋቱን ቢያሳየን ወደ የት እንደታጠፈ ወዲያው እናውቅ ነበር።

ተርጓሚው
ፖስተሩን የሠራሁት ማታ 2 ሰዓት ላይ በስልኬ ነው። የተነገረኝን ጻፍኩ። "አራት ሰዓት" አላችሁኝ፣ አራት ብዬ ጻፍኩ። ፈተና ነበረኝ በማግስቱ። የሰው ልጅ ጠፋ ተብሎ ነው የመጣሁት።

ነባር አባል
ማንም አንተን አልወቀሰህም። ስህተቱን ነው ያልኩት።

ተርጓሚው
ገብቶኛል። ትርጉሙን ለሚችል ስጡት።

ገንዘብ ያዥ
ስትጨርሱ ሒሳቡን ላስገባ። በኤምፔሳ (በስልክ ገንዘብ) የገባው 38,400 ሽልንግ። ለፖስተር ኅትመት 6,500። ለቦዳቦዳ (ለሞተር ታክሲ) 4,200። ቀሪ 27,700። የቦዳቦዳው ደረሰኝ የለውም፣ መቼስ ቦዳቦዳ ደረሰኝ አይሰጥም። የኅትመቱን ግን ተርጓሚው ነው የያዘው፣ ይላክልኝ።

ከፓንጋኒ
27 ሺህ ተርፎ ነው በሰዓት የምንጣላው?

የሁለት ልጆች እናት
አንድ ነገር ልበል። ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ "24 ሰዓት ጠብቁ" ብሎ የመለሰን ነበር። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ወዲያው መመዝገብና የኦቢ (የፖሊስ መዝገብ) ቁጥር መቀበል መብታችን ነው። የልጆች እርዳታ ስልክ 116ም በነፃ ነው፣ ሌሊትም ይነሣል። እኛ ግን 116 ላይ የደወልነው ከአምስት ቡድን ዋትስአፕ በኋላ ነው። ይህ ለአባላት በጽሑፍ ይድረስ። ለትምህርት ቤት ብቻ አይደለም ትምህርት የሚያስፈልገው።

ከፓንጋኒ
ጥሩ ሐሳብ። በትርፉ ብር ለልጆቹ የአንገት ካርድ እናሠራ። ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ 116። ሁሌም ይጠቅማል።

የግሬድ 4 አባት
ስሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥለህ ልትልከው ነው? መንገድ ላይ በስሙ የሚጠራውን ሰው ሁሉ ዘመድ ሊመስለው ነው። ቢያንስ ስሙ ከውስጥ በኩል ይሁን።

ከፓንጋኒ
እሺ ከውስጥ። ቀለሙስ?

ጸሐፊዋ
ወደ ደብዳቤው እንመለስ እባካችሁ። ስለ ሁለተኛው ነጥብ እስካሁን ማንም ምንም አላለም።

ሊቀመንበሩ
ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁሉንም አነበብኩት። ሁለተኛው ነጥብ ትንሽ ይለስልስ። እነዚህ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ግማሾቻችን የተርሙን ክፍያ በየወሩ እየቆራረጥን የምንከፍለው በእነሱ ፈቃድ ነው። የልደት ወረቀት የሌላቸውን ልጆችም ሳያንገራግሩ ተቀብለውልናል። "አይባረር" ከምንል "ቢቻል አስቀድሞ ለወላጅ ይነገር" እንበል።

ጸሐፊዋ
ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የመጣው እኮ ከሁለተኛው ነጥብ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በር ከፍተው "ክፍያ ይዘህ ና" ብለው አስወጡት። እናቱ ሥራ ላይ ናት። ቤቱ ዝግ ነው። በሯ ላይ ቁጭ ብሎ ቆየና ሥራ ቦታዋን ልፈልግ ብሎ ሄደ። "ቢቻል" የሚባለው ምኑ ላይ ነው?

ሊቀመንበሩ
ልክ ነሽ። ግን ከተጣላን በሚቀጥለው ተርም የሚባረሩት የእኛው ልጆች ናቸው። ዕዳ ያለበት ሰው ድምፁን አያሰማም።

ከኢስትሊ
ዕዳ የሌለብን እንፈርማ።

ሊቀመንበሩ
ስንት ነን?

ከኢስትሊ
እኔ እስከ ሐሙስ እጨርሳለሁ።

ነባር አባል
የሰዓቱ ነገር ምን ሆነ?

የግሬድ 4 አባት
😂 ጋሼ "ክፍል እንደተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ" ብለናል።

ነባር አባል
ከየት ይቆጠራል? ከደወሉ ነው ከስም ጥሪው?

እናቱ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያን ቀን ያልወጣ ሰው የለም። ስለ ሰዓቱ የምለው የለኝም። አንድ ልመና ነው ያለኝ። የልጄ ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ነው፣ በስልክም እየዞረ ነው። ትናንት ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ) ውስጥ አንዲት ሴት አወቀችውና ጮኸች። "የጠፋው ልጅ ነው፣ ያዟት!" ብላ። ሰው ከበበን። መታወቂያዬን አሳየሁ፣ ልጁም እናቴ ናት አለ፣ አልሰሙትም። ረዳቱ ፖስተሩ ላይ ባለው ቁጥር ደውሎ ነው የለቀቁን። ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል። አንሱልኝ።

የሁለት ልጆች እናት
ወይ እህቴ። እኛ ተገኘ ብለን ለእኛው ቡድን ብቻ ነው የጻፍነው።

የግሬድ 4 አባት
ይህ ራሱን ችሎ አራተኛ ነጥብ ነው። ፎቶ የለጠፈ ልጁ ሲገኝ ያንሳ። በ2023 የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ ኡቲሩ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ስለለጠፈ 4.55 ሚሊዮን ሽልንግ ቀጥቶታል። እኛንም ማንም አይምረንም።

ሊቀመንበሩ
ታዲያ ለትምህርት ቤት ከመጻፋችን በፊት የራሳችንን ቤት እናጽዳ። ደብዳቤው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ። አሁን ፖስተሩን ማን ያነሣል? ስንት ነበር የተለጠፈው?

ገንዘብ ያዥ
የታተመው 200 ነው። የት የት እንደተለጠፈ የሚያውቀው ተርጓሚው ነው። ደረሰኙም እሱ ጋ ነው።

ከፓንጋኒ
ስልኩን አያነሣም። ቡድኑንም ለቋል መሰለኝ።

ጸሐፊዋ
እሁድ ጠዋት ተከፋፍለን እንውጣ። እጅ አውጡ።

ከኢስትሊ
እሁድ ቅዳሴ አለ። ከሰዓት ከሆነ እመጣለሁ።

የሁለት ልጆች እናት
እኔ ልጆች አሉኝ፣ ግን በአካባቢዬ ያለውን አነሣለሁ።

ከፓንጋኒ
ካርዱን የሚሠራው ልጅ 100ውን በ12 ሺህ ይሠራል አለኝ። ሰማያዊ ነው። ቀብድ ልስጠው?

ገንዘብ ያዥ
ማን ወሰነና?

ሊቀመንበሩ
ካርዱን የሚቃወም አለ?

የግሬድ 4 አባት
ስሙ ከውስጥ ከሆነ የለም።

ሊቀመንበሩ
ስጠው።

ጸሐፊዋ
ስለዚህ ደብዳቤው ቀርቶ ካርድ ሆነ። ልክ ነው የተረዳሁት?

ሊቀመንበሩ
አልቀረም። ይቆይ ነው ያልኩት።

የግሬድ 4 አባት
ዛሬ ከሥራ ስመለስ ስምንት ፖስተር አንሥቻለሁ። ፋርማሲው በር ላይ ያለው ሙጫው አልለቅ አለኝ፣ ፊቱን ብቻ ቀድጄ መጣሁ።

ነባር አባል
"4:00" የሚለውን ነበር መቅደድ።

እናቱ
እግዜር ይስጥልኝ። ፋርማሲውን ነገ እኔ በውሃ አርሼ አነሣዋለሁ።