የቶማስ ሪድ «ኮመን ሴንስ» (የጋራ ማስተዋል) «ምንም በእርግጥ አናውቅም» ለሚል ተጠራጣሪ መልስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ስኮትላንዳዊው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ሪድ፣ ተጠራጣሪውን ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምን የሞገተው «ሰው ሁሉ የሚያምነው እውነት ነው» ብሎ ነው? ታዲያ ድሮ ሰው ሁሉ ፀሐይ ትዞራለች ይል የለም እንዴ?

መልስ 1፦ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሪድ ድምፅ አይቆጥርም፤ የሚመታው የሂዩምን መነሻ ነው። ሂዩም «ጠረጴዛው ስንርቀው ያንሳል፣ እውነተኛው ጠረጴዛ ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ ያየነው የአእምሮ ምስል ነው» ይላል። ሪድ (እ.ኤ.አ. 1785) ሁለት መጠን ይለያል፦ አንዱ በርዝመት መለኪያ፣ ሌላው ዓይን ላይ በሚሠራው ማዕዘን የሚለካ። እውነተኛ ጠረጴዛ ሲርቅ ማዕዘኑ መጥበብ አለበት። እንዲያውም ባይጠብ ነበር መጠርጠር!

መልስ 2፦ የፀሐይዋ ነገር ከምናየው ተነስተን የደረስንበት ድምዳሜ ነው፤ ድምዳሜ ይታረማል። የመጀመሪያ መርህ (ከሌላ ሐሳብ ያልተወሰደ፣ ራሱ መነሻ የሆነ እምነት) የሚባለው ግን ለምሳሌ ትዝታን ማመን ነው። ትዝታህን ልፈትን ብትል ያለ ትዝታ ፈተናውን አትጨርስም። ስሜት ሕዋሳትን ጠርጥሮ አመክንዮን ብቻ ማመንም አያስኬድም፤ ሪድ ሁለቱም ከአንድ ሱቅ የወጡ ናቸው ይላል።

መልስ 3፦ በሥነ ምግባር (እ.ኤ.አ. 1788) ላይ ሕሊናንም እንደ ትዝታና እንደ ስሜት ሕዋሳት ልናምነው የሚገባ አድርጎ ያየዋል፤ ግን እንደ ዘር ነው፣ ካልኮተኮቱት አያድግም። ለኔ ደካማ ጎኑ፣ ሁለት ሰዎች «ይሄ መርህ ነው» ብለው ሲጋጩ ዳኛው ማን እንደሆነ አለመጥራቱ ነው።