«ደመወዝ የእኛ ሥራ አይደለም» ማለት ይቻላልን? በሠራተኛ ሴቶች ማኅበር ቅርንጫፋችን ሪፖርት ላይ የተነሣ ክርክር

የስፌት መስመር፦
ባለፈው እሑድ እዚህ ሐዋሳ በተካሄደው የሠራተኛ ሴቶች ማኅበር ቅርንጫፋችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሪፖርቱ የማርች 8 አከባበርን፣ የደም ልገሳን፣ የአረጋውያን ጥየቃን፣ የቁጠባ ሥልጠናን እና ለአባላት የተሰጠውን የሕግ ምክር ዘርዝሯል። ለውይይት መድረኩ ክፍት ሲሆን ከፋብሪካ የመጣች አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ የማታ ፈረቃ ሲያልቅ ሰርቪሱ አስፋልት ዳር አውርዷቸው እንደሚሄድ፣ ከዚያ እስከ ተከራዩበት ቤት ያለው መንገድ ጨለማ እንደሆነ፣ ደመወዙም ከቤት ኪራይ አልፎ ለባጃጅ እንደማይተርፍ ተናግራ ማኅበሩ ምን እንዳሰበ ጠየቀች። ከመድረኩ የተሰጣት መልስ «ደመወዝና ፈረቃ የእኛ ሥራ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን መሠረታዊ ማኅበር ጠይቁ» የሚል ነበር። ልጅቷ ተቀመጠች፤ ስብሰባውም ወደ ቲሸርት ግዢ ሒሳብ አለፈ። ይህን የምጽፈው በጣም ስላዘንኩ ነው። በስሙ ላይ «ሠራተኛ» የሚል ቃል የተሸከመ ማኅበር ስለ ሠራተኛዋ ደመወዝና ስለ ሌሊት መንገዷ አልነጋገርም ካለ፣ ወርሃዊ መዋጮ የምንከፍለው ለምን እንደሆነ ይነገረን።

አባል ከጅምሩ፦
ቅርንጫፉ ሲመሠረት ከነበሩት አንዷ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። እህቴ፣ የተነገረውን ግማሹን ብቻ ነው የጻፉት። ሰብሳቢያችን ያንን ዓረፍተ ነገር ከመናገራቸው በፊት፣ ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት የመደራደር መብት በሕግ የተሰጠው ለሠራተኛ ማኅበር መሆኑን፣ እኛ ግን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የተመዘገብን መሆናችንን አስረድተዋል። ማኅበሩ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለራሱ ቢወስድ ነገ የሚጠየቁት በነጻ የሚያገለግሉት የሥራ አስፈጻሚ አባላት ናቸው። እነዚህ ሴቶች ቢሮ እንኳን ሳይኖራቸው፣ ከየሥራቸው ከወጡ በኋላ በሰው ሳሎን እየተሰበሰቡ ነው ይህን ሁሉ ያከናወኑት። በእርግዝናዋ ምክንያት የተባረረችውን አባላችንን ጠበቃ አቁሞላት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን በጽሑፍዎ ላይ አላየሁም።

የስፌት መስመር፦
የጠበቃውን ነገር አልካድኩም፤ የሕግ ምክሩን በዝርዝሬ ውስጥ አስገብቻለሁ። የጻፍኩት ስለ አንድ መልስ ነው። «የእኛ ሥራ አይደለም» የሚለውን እርስዎ ያጸድቁታል ወይስ አያጸድቁትም?

ሕግ አንባቢ፦
በመደራደርና በመናገር መካከል ያለው ልዩነት ሊጠፋን አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኅብረት ድርድርን ለሠራተኛ ማኅበር መስጠቱ እውነት ነው፤ ማንም ቅርንጫፉ ፋብሪካ ገብቶ የኅብረት ስምምነት ይፈርም አላለም። ነገር ግን ያው ቅርንጫፍ የተመዘገበበት አዋጅ 1113/2011 ድርጅቶች ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። አዋጅ 1156 ደግሞ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እየተመለከተ እንደሚወስን ደንግጓል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ እንዲውል በየሜይ ዴዩ ሲጠይቅ ሰምተናል። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈልባቸው መስመሮች ላይ የተደረደሩት በአብዛኛው ሴቶች ሆነው ሳለ፣ የሴት ሠራተኞች ማኅበር በዚህ ላይ አንዲት ገጽ ደብዳቤ እንዳይጽፍ የሚከለክለው የትኛው አንቀጽ ነው? አለ ካላችሁ ቁጥሩን ጥቀሱልኝ።

አባል ከጅምሩ፦
እርስዎ አንቀጽ ሲያነብቡ እኛ ደግሞ የሆነውን እናስታውሳለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 ከውጭ ከአሥር በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ሲከለክል፣ ለስንት ሴት የቆመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሠራተኞቹን ለመቀነስና ሥራውን ለማጥበብ ተገድዷል። ያ አዋጅ ተሽሯል፤ ትምህርቱ ግን አልተሻረም። በጥንቃቄ የተጓዘ ማኅበር ዛሬም አለ፤ ለዚያች ልጅም ነገ የሚደርስላት እሱ ነው።

መምህርት ከታቦር፦
በጥንቃቄ ስም የተነገረ ሁሉ ጥንቃቄ አይደለም። የሪፖርቱ ግማሽ ገጽ ስለ ማርች 8 የሚያወሳ በመሆኑ ስለዚያ ልናገር። ክላራ ዜትኪን በ1910 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ሐሳቡን ያቀረበችው በሶሻሊስት ሴቶች ጉባኤ ነበር፤ ቀኑም ለረጅም ጊዜ የሠራተኛ ሴቶች ቀን ነበር። በ1917 እ.ኤ.አ. በዚሁ ቀን ፔትሮግራድ ላይ ሥራ አቁመው አደባባይ የወጡት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ናቸው፤ የጠየቁትም ዳቦ ነበር። ይህን ቀን የካቲት 29 ላይ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ቲሸርት አሳትሞ፣ ቡና አፍልቶ ያከበረ ቅርንጫፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከዚሁ ከተማ የመጣችን የስፌት ሠራተኛ ስለ ደመወዝ አትጠይቂን ሲላት እኔ እንደ አባልነቴ አፈርኩ። የበዓሉን ወጪ ግማሽ ለማታ ፈረቃ ሠራተኞች መጓጓዣ ጥናት ማዋል ይቻል ነበር።

ሌሊት ተረኛ፦
ነርስ ነኝ፤ የወሊድ ክፍል። ስለ ደመወዝ የተባለውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ከላይ የደም ልገሳው ከአረጋውያን ጥየቃና ከቲሸርት ጋር አብሮ እንደ ትርፍ ነገር የተቆጠረበት መንገድ አሳዝኖኛል። በአገራችን እናቶችን በወሊድ ጊዜ ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው የደም መፍሰስ ነው። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት ሴት ለሰዓታት አትጠብቅም፤ ባንክ ውስጥ ደም ካለ ትኖራለች፣ ከሌለ ባሏና ወንድሟ ለጋሽ ፍለጋ ሲሯሯጡ እኛ እጃችንን ይዘን እንቆማለን። ከእነዚያ ሴቶች መካከል የፋብሪካ ሠራተኞች አሉ። ቅርንጫፉ አባላቱን ሰብስቦ ደም ሲያሰጥ ያደረገው ነገር ትልቅ ነው፤ ማንም አያሳንሰው።

የስፌት መስመር፦
እህቴ፣ የደም ልገሳን ከንቱ ነው አላልኩም፤ እኔም ሰጥቻለሁ። ማኅበሩ ለሁሉም ሰው የሚሆነውን ሥራ ሁሉ ሠርቶ ለሠራተኛዋ ብቻ የሚሆነውን መተዉን ነው የተቃወምኩት።

ሌሊት ተረኛ፦
የጻፉት ዝርዝር እንደዚያ አይነበብም። ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል።

ሐይቅ ዳር፦
ወንድ ብሆንም ባለቤቴ አባል ስለሆነች ሐሳቤን እንድሰጥ ፍቀዱልኝ። የደመወዝ ጥያቄ የሚያነሡት ሰዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የደረሰበትን የረሱ ይመስለኛል። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የነበረው ተስፋ ትልቅ ነበር፤ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. መውጣቱን አሳወቀ፣ ከዚያም ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል፣ ታገደች። በዚያ ጊዜ ሥራቸውን ያጡት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ማኅበሩ ዛሬ ስለ ደመወዝ ዘመቻ ቢጀምር ቀሪውም ባለሀብት ቢወጣ ማን ይጠየቃል?

መምህርት ከታቦር፦
ወንድሜ፣ አጎዋ የተቋረጠው በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት እንጂ በሠራተኛ ደመወዝ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደሆነ፣ በዓለም ካሉት የልብስ ስፌት አገሮችም ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፏል። ዝቅተኛ ደመወዝ እየተከፈለም ባለሀብቱ ወጥቷል ማለት ነው። በዝምታ የተጠበቀ የሥራ ዕድል አላየንም። ያው ጥናት ልጆቹ በብዛት ሥራ እየለቀቁ መሄዳቸውንም ይናገራል፤ የሚለቁት ደግሞ ሥራ ስለሚጠሉ ሳይሆን ደመወዙ ስለማያኖራቸው ነው። አሠሪውንም የሚጎዳው ይኸው መሆኑን ማኅበሩ ቢያስረዳ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

የጽሕፈት ሥራ፦
ሁላችሁም ስለ ፋብሪካ ስትነጋገሩ እኔ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። «በየመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን መሠረታዊ ማኅበር ጠይቁ» ተብሏል። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ በመሥሪያ ቤቴ መሠረታዊ ማኅበር የለም፣ በዚህ አዋጅ መሠረት ሊኖርም አይችልም። ከቅርንጫፋችን አባላት ስንቶቻችን በመንግሥት ቢሮ እንደምንሠራ ሰብሳቢዋ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። በሰው ቤት የሚሠሩትስ? እነሱንም አዋጁ ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይመራሉ ብሎ ትቷቸዋል። ስለዚህ ጠይቁ የተባልነውን ማኅበር ብንፈልግ የት እናገኘዋለን? እኔ ይህን ማኅበር የተቀላቀልኩት ሌላ የምሄድበት በር ስለሌለኝ ነው። ደመወዜ የአሥራ አምስት ቀን ዕድሜ እንደሌለው፣ ከወለድኩ በኋላ ልጄን ለሞግዚት ሰጥቼ ሞግዚቷን ከደመወዜ ግማሹን እንደምከፍላት፣ ይህን የምናገርበት አንድ ስብሰባ ካለ እሱ ብቻ ነው።

አባል ከጅምሩ፦
የእርስዎ ጽሑፍ ልቤን ነክቶታል፤ ግን ለእርስዎ ማኅበሩ ምንም አልሠራም መባሉን አልቀበልም። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም ደንግጎ ነበር። የእኛ ቅርንጫፍ በከተማው ላሉ መሥሪያ ቤቶች ይህንን ድንጋጌ ጠቅሶ ደብዳቤ ጽፏል፤ በእርስዎም መሥሪያ ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቷል።

የጽሕፈት ሥራ፦
ክፍሉ ተሰጥቷል፤ በሩ ላይ ሥዕልም ተለጥፏል። ውስጡ ግን ያረጁ ወንበሮችና የፋይል ሣጥኖች ተከማችተውበታል። ሞግዚት አልተቀጠረለትም። ልጄ አንድም ቀን አልዋለበትም።

ሕግ አንባቢ፦
አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። አባል ከጅምሩ ራሳቸው ቅርንጫፉ ለአሠሪዎች ደብዳቤ እንደጻፈ ነግረውናል። ስለ ማቆያ ለአሠሪ መጻፍ የማኅበሩ ሥራ ከሆነ፣ ስለ ሰርቪስና ስለ ማታ ፈረቃ መጻፍ የማኅበሩ ሥራ የማይሆንበትን ምክንያት ያስረዱን።

አባል ከጅምሩ፦
ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስለ ማቆያው ስንጽፍ ሕጉ ይከበር አልን። የሰርቪስ መውረጃ ቦታን የሚወስን ሕግ የለም፤ ያ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የሚደረስ ስምምነት ነው።

ሕግ አንባቢ፦
እንግዲያውስ ሕግ ያለውን እንውሰድ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ይገባታል። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ ከሥራ ማሰናበትም የተከለከለ ነው። የተባረረችውን አባል በዚህ መሠረት ነው የረዳችኋት። ቅርንጫፉ አንዲት ሴት ከተባረረች በኋላ ጠበቃ ከሚያቆም፣ ከመባረሯ በፊት በየፋብሪካው እነዚህ ድንጋጌዎች መከበራቸውን ቢከታተልና ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ቢያሳውቅ ምን ይከለክለዋል? ፈረቃም ደመወዝም በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ አሉ። «የእኛ ሥራ አይደለም» የተባለው ሁለቱንም ነው።

ሐይቅ ዳር፦
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ብቻ መሆኑንም አብራችሁ ብታነሡ መልካም ነው። ባለቤቴ ስትወልድ በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቻለሁ፤ የልጅ ጉዳይ የሴቶች ማኅበር ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀረው በዚህም ምክንያት ነው።

መምህርት ከታቦር፦
ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ክርክር ይፈልጋልና አሁን ከመድረኩ መልስ እንዳያርቀን እሰጋለሁ።

አባል ከጅምሩ፦
እኔ ደግሞ የምሰጋው ሌላ ነገር ነው። በዕድሜዬ የደርግ ዘመኑን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር (አኢሴማ) አይቻለሁ። በ1972 ዓ.ም. ሲቋቋም ሴቱን ሁሉ ለሁሉም ነገር እንወክላለን ብሎ ነበር፤ መጨረሻው ከላይ የተላከን መመሪያ ለቀበሌ ማውረድ ሆነ። ማኅበር ድንበሩን ካላወቀ የራሱ መሆኑ ይቀራል። ሰብሳቢያችን ድንበር ስላሰመሩ ሊወቀሱ አይገባም።

የስፌት መስመር፦
አኢሴማን የጎዳው መመሪያው ከላይ መምጣቱ ነው። እሑድ ዕለት ጥያቄው የመጣው ከታች፣ ከአባል ነበር፤ የቆመው ከመድረኩ ላይ ነው። ለሰብሳቢያችን ክብር አለኝ፤ ለቅርንጫፉ የከፈሉትንም አውቃለሁ። ሆኖም ያ መልስ በቃለ ጉባኤ እንደተመዘገበ ከቆየ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በእሱ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የማታ ፈረቃ መጓጓዣ፣ የነፍሰ ጡሮች የሌሊት ሥራ እና የደመወዝ ቦርዱ ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝልን በጽሑፍ እንጠይቃለን። ለመፈረም ፈቃደኛ የሆናችሁ አሳውቁኝ።

የጽሕፈት ሥራ፦
እፈርማለሁ። የማቆያው ክፍልም ይጨመርበት።

አባል ከጅምሩ፦
አጀንዳ የሚያዘው በሥራ አስፈጻሚው ነው። ፊርማ ማሰባሰብ በመካከላችን መከፋፈልን ያመጣል። ጥያቄያችሁን በአካል መጥታችሁ ለሰብሳቢዋ ብታቀርቡ ይሰሟችኋል።

የስፌት መስመር፦
እሑድ በአካል ቀርቦ ተጠይቆ ነበር።

ሌሊት ተረኛ፦
እኔም እፈርማለሁ፤ ግን በደብዳቤው ላይ የደም ልገሳው እንዲቀጥል የሚል መስመር ካልገባ አልፈርምም።